የዘገዬ ሸረሪትና የሽኩር ዝንቦች

ባለልኳንዳው ዘገዬ በናዝሬት ከተማ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ በቢላዋውና በኩርፊያው። ቢላዋው ሻኛ ላይ ሲያርፍ ድምፅ የለውም። ኩርፊያው ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም። ወለንጪቲ ተወልዶ፣ ገና ጢም ሳያወጣ ለአንድ ሥጋ ነጋዴ ቆዳ እየተሸከመ ናዝሬት የገባ፣ አገልግሎ አገልግሎ የራሱን ልኳንዳ የከፈተ፣ አርባን የተሻገረ ወንደላጤ ነው። «ምነው ሳታገባ?» ሲሉት፣ «ብንኳረፍ ማን ቀድሞ ሊናገር ነው?» ብሎ ወደ ሥጋው ይመለሳል።

ከአስፋልቱ ማዶ፣ ፊት ለፊቱ፣ የሽኩር ልኳንዳ አለ። የሽኩር የእስላም ሥጋ ነው፤ የዘገዬ የክርስቲያን። ደንበኛ አይሻሙም፣ ገበያ አይነካኩም፣ ወዳጅ ለመሆን የሚከለክላቸው አንዳች ነገር አልነበረም። ያጣላቸው አንድ ቀይ በሬ ነው። ዘገዬ ወለንጪቲ ገበያ ላይ ከበሬው ባለቤት ጋር ዋጋ ሲነጋገር ሽኩር ከኋላ ደርሶ ጨመረና በሬውን ነድቶት ሄደ። በሰው ዋጋ ላይ መግባት በከብት ነጋዴ ዘንድ ምን ያህል ነውር እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህ የሆነው ንጉሡ ሳይወርዱ ነው። ከዚያ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ መሬት ተወረሰ፣ ቀበሌ ተቋቋመ። የዘገዬን ኩርፊያ ግን አብዮቱም አልነካው። ሁለቱ ሰዎች በየማለዳው በራቸውን ሲከፍቱ ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ መሬት ያያል።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ ሆራ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ከቴፒ ቡና ጭኖ ወደ አሰብ ሲወርድ እንደ ልማዱ ዘገዬ በር ላይ አቆመ። «አካም፣ ዘገዬ!» ብሎ ከጋቢናው አንድ ትልቅ የሙዝ ዘለላ አወረደና ከሥጋው መንጠቆ ጎን ሰቀለለት። ከዚያ ጥሬ ሥጋውን በሚጥሚጣ እያጣቀሰ ወሬውን ያዘ። ወሬው መሀል ላይ ሳለ ከሙዙ ውስጥ አንዲት ነገር ብቅ አለች።

ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ጀርባዋ አረንጓዴ ነው፤ የበሩ ብርሃን ሲያገኘው ወርቅ ወርቅ ይላል። ግንባሯ ላይ ሁለት ትልልቅ ጥቁር ዓይኖች ተደርድረዋል፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ትንንሾች አሏት። ዘገዬ ሊመታት ጨርቁን አነሳ። ዞር ብላ አየችው። ቀልድ አይደለም፣ አየችው! ሸረሪት ሲሸሽ እንጂ ቀና ብሎ ሰው ሲያይ ዘገዬ በዕድሜው አልገጠመውም። ጨርቁ አየር ላይ ቀረ።

በዚያው ቅጽበት አንድ ወፍራም ዝንብ ከሽንጡ አጠገብ ግድግዳው ላይ አረፈ። ሸረሪቷ ሆዷን ለጠፈች። እንደ ድመት አድብታ ተጠጋች፣ ቆመች፣ ደግሞ ተጠጋች። ከዚያ ዘለለች! ስንዝር የሚያህል ርቀት በአየር አቋርጣ ዝንቡ ማጅራት ላይ ቁጭ!

«ጎሽ!» ብሎ ጮኸ ሆራ፣ የጎረሰውን ሳይውጥ። «ይቺንማ አውቃታለሁ! የቴፒ ጫካ ልጅ ናት። እዚያ እኮ ዘገዬ፣ ዛፉ ሰማዩን ይዘጋዋል። ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ቅጠሉ እስከ ማታ ሲያንጠባጥብ ይውላል። እነዚህ ከቅጠል ቅጠል ሲዘሉ ነው ውሏቸው። ድር ሠርቶ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም፤ አድነው ነው የሚበሉት።»

ዘገዬ የሚያውቀው ዛፍ ግራር ነው፤ የሚያውቀው ጥላ የግራር ጥላ ነው፣ እሱም እሾህ አለበት። ሰማይ የሚዘጋ ዛፍ ምን እንደሚመስል ለማሰብ ሞከረና አቃተው። ደስ የሚል ነገር ግን ልቡ ውስጥ ገባ። የዚያኑ ዕለት በዘይት ቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳም ገዝቶ ከሥጋው አጠገብ አስቀመጠ። ጧትና ማታ በእጁ ውሃ እየዘገነ ቅጠሉ ላይ ያርከፈክፍ ጀመር፣ አገሯ ያለች እንዲመስላት። ስሟንም «እሜቴ» አላት።

ከዚያ በኋላ የዘገዬ ልኳንዳ ስታዲየም ሆነ ብል ማጋነን አይሆንም። ሾፌሩ፣ ወታደሩ፣ እሁድ እሁድ ከወንጂ የሚመጣው የሸንኮራ ሠራተኛ ሥጋውን ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ዝንብ ሲያርፍ ቤቱ ጸጥ ይላል። እሜቴ ስታደባ ማንም አያኝክም። ስትዘል ጩኸቱ እስከ አውቶቡስ ተራ ይሰማል። አጠገቡ ሻይ ቤት ያላት የሺዓለም አግዳሚ ወንበሮቿን ሁሉ ወደ ዘገዬ በር አዞረቻቸው። «ለሸረሪት ነው እንጂ ለኔ መች እንዲህ ተሰብስባችሁ ታውቃላችሁ!» ትላለች፣ ግን እሷም ሻዩን ረስታ አንገቷን ታሰግጋለች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር መጣ። ቆፍጠን ብሎ፣ «እሜቴ የፊውዳል መጠሪያ ነው፤ ጓዲት በሏት» አለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲል እሷን በምሳሌ ሊያነሳ እንዳሰበም ነገራቸው። ሆራ ሚጥሚጣውን እየላሰ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ ድርም አትሠራ፣ አታብርም። የግሏን ነው የምታድነው» አለው። ሊቀመንበሩ ነገሩን ወዲያው ተወው። ጥቂት ቆይቶ እሜቴ ዝንብ ስትከተል ግን ከሁሉ በላይ፣ «አይዞሽ እሜቴ!» ብሎ የጮኸው እሱ ነበር።

ዘገዬም ተለወጠ። በሕይወቱ ሙሉ ሰው የሚመጣው ለሥጋው ነው፤ ያኝካል፣ ከፍሎ ይሄዳል። አሁን ግን «እሜቴ እንዴት አደረች?» የሚል ሰላምታ በየማለዳው ይጠብቀዋል። ለመልሱ ይቸኩላል። ሰውየው ሲስቅ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ጎረቤቱ ያየው ያን ሰሞን ነው።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

በሁዳዴ የክርስቲያን ልኳንዳ ይዘጋል። ዘገዬ እንደ ወጉ መንጠቆውን በአመድ ፈተገ፣ ጣውላውን በፈላ ውሃ አጠበ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባ። ሽታው ሁሉ ጠፋ፤ ከሽታው ጋር ዝንቡም ጠፋ። እሜቴ ጤና አዳሙ ሥር ነጭ እንደ ሐር ያለ ኪስ ሠርታ ገባችና በላይዋ ዘጋች። ቀኑ ሄደ፣ ሳምንቱ አለፈ፣ አልወጣችም።

«ጋሽ ዘገዬ፣» አለች የሺዓለም እጇን አፏ ላይ ጭና፣ «ይቺ ፍጥረት እኮ ጾም ገባች!»

ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ሄደ። የዘገዬ ሸረሪት ሁዳዴን እየጾመች ነው! ሥጋ ያልነበረበት ልኳንዳ ሥጋ ከነበረበት ጊዜ ይበልጥ ሰው ሞላው። ነጠላ ያጣፉ እናቶች መጥተው ኪሷን አይተው ያማትባሉ። አንዱ፣ «ቅዳሜና እሁድ ግን እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትቆየው?» ብሎ በቁም ነገር ጠየቀ። የዘገዬ ንስሐ አባትም መጡ። ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ፍጥረት ሁሉ በየቋንቋው ያመሰግናል» ብለው፣ ከዚያ በላይ ላለመናገር ፈጥነው ወጡ። ዘገዬ በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። ለወትሮው ረፋዱ ላይ ቆሎ ቢጤ የሚቀምስ ሰው፣ በሸረሪት መበለጥ አሳፍሮት በዚያ ዓመት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ያዘ።

ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ አንድ ጧት እሜቴ ኪሷን ቀዳ ወጣች። ዘገዬ ውሃውን እንደያዘ ደነገጠ። ያ ክብ ሆዷ ተጨማዶ ተጣብቋል። ቀስ እያለች ግድግዳውን ወጣች። ነጩ ኖራ ላይ አንድ የምስማር ራስ ጥቁር ሆኖ ይታያል። እሜቴ አየችው። ሆዷን ለጠፈች፣ አደባች፣ ተጠጋች፣ ዘለለችና ምስማሩ ላይ ወደቀች። ነካካችው፤ ብረት ነው። ወደ ኋላ ተመልሳ እንደገና አደባች፣ እንደገና ዘለለችበት።

«የጾመች መስሎኝ!» አለ ዘገዬ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ያስጾምኳት እኔ ነኝ! በረሃብ ልገድላት ነው!»

ከዚያ የሆነውን የሺዓለም እስካሁን ስታወራ ትስቃለች። ያ ግዙፍ ሰው ሻይ ቤቷ ዘሎ ገብቶ በስኳር ዕቃዋ ዙሪያ ዝንብ ያሳድድ ጀመር። በጥፊ ሲመታ ዝንቡ ይሞታል፤ የሞተ ደግሞ እሜቴ ዞራም አታየው። በብርጭቆ ደፍቶ አንዱን በሕይወት ቢይዝ ልኳንዳው በር ላይ ሲደርስ አመለጠው። ኖራ የተቀባ ቤት ውስጥ ዝንብ ምን ሊሠራ ይገባል? ዘገዬ ላቡን ጠርጎ መሀል ወለሉ ላይ ቆመ። ዓይኑ እንባ አዝሏል።

«ጋሽ ዘገዬ፣» አለች የሺዓለም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዝንቡን ወደ እሷ ከምታመጣ እሷን ዝንብ ወዳለበት አትወስዳትም?» በከንፈሯ ወደ አስፋልቱ ማዶ ጠቆመች።

በሁዳዴ ሥጋ የሚሰቀልበት ልኳንዳ በዚያ መንገድ ላይ አንድ ብቻ ነው። ዘገዬ አየው። ወደ እሜቴ ተመለሰ። እሜቴ ምስማሩን ለሦስተኛ ጊዜ እያደባችበት ነበር። የጤና አዳም ቅርንጫፍ ቆርጦ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረ፣ እሜቴን በጣቱ እየመራ አስገባት፣ በወረቀት ከደናትና አስፋልቱን ረገጠ።

እኩለ ቀን ነው። መንገዱ ሁሉ ሰው ነው፤ ሰው ሁሉ ቆመ። ሊስትሮው ብሩሹን አነሳ፣ ጋሪ ነጂው ልጓሙን ሳበ። ሽኩር በሩ ላይ ቢላዋውን ሞረድ እያስነካ ቀና ሲል ዘገዬን አፍንጫው ሥር አገኘው። ዘገዬ አፉን ከፈተ። ከዘጠኝ ዓመት ኩርፊያ በኋላ ምን ይባላል? ሰላምታም አልመጣለት፣ ይቅርታም አልመጣለት።

«ዝንብ አለህ?» አለ።

ባለልኳንዳን በደንበኞቹ ፊት «ዝንብ አለህ?» ማለት ምን ማለት ነው! ከሽኩር ደንበኞች አንዱ፣ «አላህ!» አለ። ሽኩር ሞረዱን አስቀመጠ፤ ቢላዋውን አላስቀመጠም።

«ስንት ዘመን ዘግተኸኝ፣ ዛሬ ልትሰድበኝ መጣህ?»

«ልትሞትብኝ ነው!» አለ ዘገዬ። ወረቀቱን አነሳ።

ሽኩር ጎንበስ አለ። እሜቴ በሁለት ትልልቅ ዓይኖቿ አየችው። ቢላዋው ቀስ ብሎ ወረደ።

«ሸረሪት ናት እንዴ?» አለ ሽኩር። «ሸረሪትማ ባለውለታችን ናት! ነቢያችን ዋሻ ውስጥ ሳሉ በሩ ላይ ድሯን አድርታ ከጠላት የጋረደቻቸው ማን ሆነና? ግባ፣ ምን ቆመሃል! ዝንብ ነው ያልከው? ዝንብስ አለ፣ አልሐምዱሊላህ!»

ብርጭቆው ሽኩር ቢላዋ የሚደረድርበት እንጨት ላይ ተደፋ። እሜቴ ወጣች። የሰው ግፊያ በሩን ዘጋው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ተንጠራርቷል። አንድ ዝንብ ዞረ፣ ዞረና አረፈ። እሜቴ ተጠጋች። ደክማለችና ቆመች። አንድ እግር፣ ደግሞ አንድ እግር። ዝንቡ ክንፉን አነቃነቀ። ዘለለች!

«ያዘችው!» ጩኸቱ የሽኩርን ቆርቆሮ ጣሪያ አናወጠው። ዘገዬ ሽኩርን ጭምቅ አድርጎ አቀፈው። ከዚያ መኳረፋቸው ትዝ አለውና ለቀቀው። ሽኩርም ኮፍያውን አስተካከለ።

እሜቴ እዚያው ቀረች። ዘገዬ ጤና አዳሙን ከነቆርቆሮው አሻግሮ እንጨቱ ላይ አኖረላት፤ በየቀኑ አስፋልቱን እየተሻገረ ውሃ ያርከፈክፍላታል። መንገዱ ደግሞ ቀልዱን አላጣም፤ «እሜቴ ሰለመች!» ይላል አንዱ። «ዘገዬ፣ በፋሲካ ታስጠምቃታለህ?» ይላል ሌላው። ሁለቱ ባለልኳንዳዎች ስለ ሸረሪቷ ያወራሉ፣ ስንት ዝንብ እንደያዘች፣ የትኛውን እንደሳተች። የሸረሪቷ ወሬ ሲያልቅባቸው አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ መሬት ያያል። ያ ቀይ በሬ መሀላቸው እንደቆመ ነው።

ቅዳሜ ሹር ዘገዬ የፋሲካውን በሬ አርዶ፣ ሥጋውን ሰቅሎ፣ ደስ እያለው ሊወስዳት ተሻገረ። በማግሥቱ ፋሲካ ነው፤ ደንበኛው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እሷን ነው። እሜቴ ግን ጤና አዳሙ ላይ የለችም። እንጨቱ ላይ፣ ጫፉ ጋ፣ ወፍራም ነጭ ኪስ ሠርታ፣ በስምንት እግሯ አቅፋዋለች። ሥጋ ሊገዛ ዘገዬ በር ላይ ቆሞ የነበረው ሆራ ተከትሎት ገብቶ አየና ጮኸ። «እንቁላል ነው! እናት ልትሆን ነው! ተዋት፤ ከእንጨቱ ካላቀቅሃት ትታው ትሄዳለች።»

«ባሏ ማነው ታዲያ?» አለ አንዱ።

«ቴፒ ነው ያለው፤ እሷ ሳትነግረው ሙዝ ላይ ተሳፍራ ነው የመጣች» አለ ሆራ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ዘገዬ አልሳቀም። «ይሁን፣ እዚሁ ትቅር» አለና ተመለሰ። ሱቁ ገብቶ ባዶውን ጥግ ያይ ጀመር። ከፋው። እሷን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ «እንዴት አደረች?» የሚለውንም ሰላምታ፣ ሰዉንም፣ ሳቁንም ነው።

ድንገት ከማዶ የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። ሽኩር ምስማር እየነቀለ ነው! ቢላዋዎቹን ሁሉ ጆንያ ላይ አወረደ፤ ያን እንጨት፣ አባቱ የቸነከሩትን፣ ከግድግዳው አላቀቀው። አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን ሆራ ይዘው፣ ሰው ዝንቡን እሽ እያለላቸው፣ አስፋልቱን በቀስታ ተሻገሩ። ኪሱም እሜቴም ቦታቸው ናቸው። ሽኩር ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። የክርስቲያን ልኳንዳ ውስጥ እግሩን አስገብቶ አያውቅም።

«ዘገዬ፣ የቱ ግድግዳ ላይ ይሁን?» አለ።

የፋሲካ ለት ማለዳ ሰልፉ እስከ የሺዓለም በር ደረሰ። ከፊት የቆሙ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሱና፣ «ይሄ የሽኩር እንጨት አይደለም እንዴ? የእስላም ቢላዋ ሲያርፍበት የኖረ እንጨት ከኛ ሥጋ አጠገብ ምን ይሠራል?» አሉ። ሰልፈኛው ሁሉ ወደ እንጨቱ አንጋጠጠ። በዓመት አንዴ የሚመጣ ገበያ ነው፤ አንድ ሰው ከተመለሰ ሌላው ይከተላል።

ዘገዬ ቢላዋውን አኖረ። «አባቴ፣ ሥጋው የኔ ነው፤ በስመ አብ ብዬ ነው ያረድኩት። እንጨቱ ግን እንግዳዬ ነው። እንግዳ ከግድግዳዬ አላወርድም። የከፋው ካለ ከአደባባዩ ወዲያ ሌላ ልኳንዳ አለ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አወረዱ። ወደ እሜቴ አዩ፣ እሜቴም አየቻቸው። «ዳቢቱን መዝንልኝ» አሉ፤ «ጮማ አታብዛበት።»

በሦስተኛው ቀን ዘገዬ የራሱን ዋንዛ መደርደሪያ ነቅሎ በትከሻው ተሸከመና ለሽኩር ቸነከረለት።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ የናዝሬት ነፋስ አቧራውን በሚያስነሳበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ኪሱ ተቀደደ። ጤፍ የሚያካክሉ ነገሮች እየተግተለተሉ ወጡ። እሜቴ ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ እግሮቿን አጥፋ ኪሱ አፍ ላይ ቀርታለች። ዘገዬ በጣቱ ጫፍ ነካት፤ ቀላል ነበረች፣ አልቃለች። አዘነ፣ በጣም አዘነ። ለማዘን ግን ጊዜ አልሰጡትም፤ ልጆቿ በሩን ወጥተው ጉበኑ ላይ ተሰለፉ፣ ሆዳቸውን ወደ ላይ አነሱ፣ ለዓይን የቀጠነ ክር ለቀቁና ነፋሱ አነሳቸው።

«እየበረሩ ነው!» ጮኸች የሺዓለም። «እናንተ፣ በረሩ!»

ክሮቹ ፀሐይ ላይ እያብለጨለጩ ወደ አስፋልቱ ማዶ ሄዱ። ከላይ በኩል ደግሞ አንድ ባለ ተሳቢ እየጋለበ መጣ። ዘገዬ ሽርጡን እንደለበሰ፣ ቢላዋውን እንዳነሳ፣ መሀል መንገድ ዘሎ ገባ። ፍሬኑ ጮኸ፤ መኪናው ክንድ ሲቀረው ቆመ። ከጋቢናው ብቅ ያለው ሆራ ነበር።

«አብደሃል እንዴ?»

«አጥፋው! ሞተሩን አጥፋው! የጫካህ ልጆች እየተሻገሩ ነው!»

ሆራ አጠፋው። ሽኩር ከማዶ መዳፎቹን ዘርግቶ መሀል መንገድ ደረሰ፤ ኮፍያው ላይ ሦስት አራቱ አርፈዋል፣ ላለማወክ አንገቱን አያዞርም። ሁለቱ ሰዎች አስፋልቱ መሀል ቀና ብለው ጎን ለጎን ቆሙ። ከሆራ ኋላ የተሰለፈው መኪና ጡሩምባውን ያቀልጠዋል።

«ዘገዬ፣» አለ ሽኩር፣ አንገቱን እንዳደረቀ፣ «ያ ቀይ በሬ ትዝ ይልሃል?»

የዘገዬ ፊት ጠቆረ። «ይረሳል?»

«ጅማት ነበር። ሻኛው ጅማት፣ ሽንጡ ጅማት! ደንበኛው ሁሉ እየሰደበኝ ሄደ። በማግሥቱ ልነግርህ መጣሁ፤ ፊትህን አዞርክብኝ። ይኸው እስከዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ።»

ዘገዬ አየው። ሳቁ ከሆዱ ተነሳ፣ ትከሻውን አናወጠው፤ ያ ግዙፍ ሰው እየሳቀም እያለቀሰም አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ።

«እንኳንም ወሰድክልኝ!» አለ።